ስለ ሩቅ ማያ መነጽር ምርጫና ስለ ቀና ምክር

ሩቅ ያለውን ነገር አቅርቦ የሚያሳየውና ብዙ ሰው ባይኖኩላር ብሎ የሚጠራው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር፣ ቀድሞ በጦር መኰንንና በአዳኝ አንገት ላይ ካልሆነ በቀር እምብዛም የማይታይ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ይገኛል። አንዱ ከገበያ ገዝቶት፣ ሌላውም በውጭ ሀገር የሚኖር ዘመዱ ልኮለት፣ አንዳንዱም ከአያቱ ወርሶት ይይዘዋል። ልጆች አዕዋፍን ያዩበታል፤ ሽማግሌዎች በደጃፋቸው ተቀምጠው ማዶ ያለውን ተራራ ይቃኙበታል፤ ሀገር ለማየት የሚወጡ ቤተሰቦችም ከስንቃቸው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ።

እኛም በዕረፍት ቀን አዕዋፍን ለማየት ከሚወጡ ጥቂት ወዳጆቻችን ጋር ብዙ ዓመት ስለ ቈየን፣ «የትኛውን ልግዛ? ይህ የገዛሁትስ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይደርሰናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሚገባ ለመመለስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዕቃውን መርምሮ ደጉን ከክፉው መለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የለዩትን ነገር ሳይሸፍኑና ሳያጋንኑ ለጠያቂው መንገር ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ጥቂት ቀን ቢለማመድ ይደርስበታል። ሁለተኛው ግን ከወዳጅ ፊት ላይ ደስታ ሲጠፋ ማየትን ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ደጋግ ሰዎች እንኳ ይሸሹታል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም እንደ ችሎታችን እንናገራለን።

በሀገራችን ለእንዲህ ያለው መነጽር ሥራ አይጠፋም። በኢትዮጵያ ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም መካከል በሌላ ሀገር ፈጽሞ የማይገኙ አሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በገፈርሳ የውኃ ግድብ ዳር ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን የኢትዮጵያን ዝይ ማየት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ የአውሮጳንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አዕዋፍ ይከርማሉ። በባሌ ተራሮች 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳኔቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን፣ ሳያስደነግጡ ከሩቅ ለመመልከት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ደግሞ ዙሪያው ሁሉ እርሻ በሆነበት ስፍራ አብያተ ክርስቲያናቱን ከበው የቆሙት ጥንታውያን ዛፎች ለብዙ አዕዋፍ መጠጊያ ሆነዋል፤ ወፎቹ ግን ከዛፉ ጫፍ ስለሚቀመጡ በባዶ ዓይን ጥላቸው እንጂ መልካቸው አይለይም።

እንግዲህ ወደ ዕቃው እንመለስ። በመነጽሩ ላይ ሁለት ቍጥሮች በመካከላቸው የማባዣ ምልክት ኖሮባቸው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 8×42። የመጀመሪያው ቍጥር ዕቃው ስንት ጊዜ አጕልቶ እንደሚያሳይ ይናገራል፤ ይኸውም በ80 ሜትር ርቀት ላይ ያለች ወፍ በ10 ሜትር ላይ እንዳለች ያህል ትታያለች ማለት ነው። ሁለተኛው ቍጥር የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍለው፣ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ይሆናል፤ 50 ለ20 ሲካፈል ግን 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የዓይናችን ብሌን በቀትር ብርሃን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ፣ በቀትር ሁለቱም መነጽሮች ብሩሃን ይመስላሉ። ሲመሽና ገና ሲነጋ ግን ብሌናችን እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ በወጣቶችም እስከ 7 ድረስ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ክቡ ጠባብ የሆነው መነጽር ምስሉን ያጨልመዋል። አዕዋፍ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚዘምሩትና ምግባቸውን ለመፈለግ የሚተጉት በማለዳና ወደ ምሽት ገደማ ነው። ስለዚህ በገበያ መካከል በቀትር የተፈተነ መነጽር የፈተናውን እኩሌታ ብቻ እንዳለፈ ይቈጠር።

ገዢን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው «ትልቅ ቍጥር ይሻላል» የሚለው አሳብ ነው። 20 ጊዜ የሚያጐላ መነጽር የእጃችንንም መንቀጥቀጥ 20 ጊዜ ያጐላዋል። በውስጡ መንቀጥቀጥን የሚከላከል ልዩ መሣሪያ ካልተሠራለት በቀር፣ ከ10 ጊዜ በላይ የሚያጐላውን ያለ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በእጅ ብቻ ይዞ የረጋ ምስል ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ደግሞም ማጕላቱ በበዛ ቍጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው ስፍራ ይጠባል፤ ወፊቱ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል ተከትሎ ማግኘት ያዳግታል። እጀታው ሲገፋ ማጕላቱን ከ10 ወደ 20 ወይም ወደ 30 የሚለዋውጠው ርካሽ ዓይነትም ይኸው ጕድለት አለበት፤ በላዩም ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላይ እኩል መለወጥ ስላለባቸው በትንሽ ዋጋ አስተካክሎ መሥራት ከባድ ነው።

በአንዳንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቍጥር ራሱ እውነት ሳይሆን ይቀራል። ይህንንም ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። መነጽሩን ፀሐይ ወደሌለችበት ብሩህ ሰማይ አቅንቶ ከፊት ጥቂት አርቆ መያዝ፣ ከዚያም በዓይን በኩል ባለው ሌንስ መካከል የሚታየውን ብሩህ ክብ በማስመሪያ መለካት ነው። 10×50 የተባለው ዕቃ ክቡ 5 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 3 ብቻ ቢሆንና ማጕላቱ በእርግጥ 10 ቢሆን፣ ከዚያ ሁሉ ሰፊ ሌንስ ውስጥ የሚሠራው 30 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ የቀረው ለገዢ ዓይን የተደረገ ጌጥ ነው። ፀሐይን ግን በእንዲህ ያለው መነጽር ማየት ዓይንን ለዘለዓለም ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው አስቀድመው እንዲነግሩ እናሳስባለን።

የዕቃውን ጠባይ በይበልጥ የሚወስነው በውስጡ ያለው የማይታየው ክፍል ነው። ሌንሶቹ ብቻቸውን ምስሉን ገልብጠው ስለሚያሳዩ፣ ፕሪዝም የሚባለው በልዩ ቅርጽ የተቈረጠ መስተዋት መልሶ ያቃናዋል። ይህን ዘዴ ኢጣልያዊው ኢግናዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበ፤ ኤርንስት አቤ ያሻሻለውን የፕሪዝም መነጽርም የዛይስ ፋብሪካ በጀርመን ሀገር በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው። ነገር ግን አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ብርሃን ከአየር ወደ ሌንስ፣ ከሌንስም ወደ አየር ባለፈ ቍጥር፣ ቅብ በሌለው ገጽ ላይ ከመቶው 4 ያህሉ ተመልሶ ይጠፋል። በአንድ ቱቦ ውስጥ እንዲህ ያሉ 10 ገጾች ቢኖሩ፣ ከገባው ብርሃን ሢሶው ያህል ዓይናችን ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። በዚያው በዛይስ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ያገኘው ስስ ቅብ ይህን ጕዳት ቀነሰ። ዛሬ በብዙ ድርብ የሚቀቡት ጥሩ ሌንሶች ከአንዱ ገጽ ከመቶው ግማሽ ያህል ብቻ ይመልሳሉ፤ በ10 ገጽ ቢቈጠር ከመቶው 95 ያህሉ ያልፋል። ቱቦው ቀጥ ብሎ በሚሠራው ዓይነት ላይ የሚታየውን የምስል መደብዘዝም እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ለፕሪዝሙ የወጣው ሌላ ልዩ ቅብ አሻሽሎታል።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ነገር ያስተምረናልና። አንደኛው፣ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ በደንብ የተቀባ መነጽር ከሰባ ዓመት በፊት በብዙ ገንዘብ ከተገዛው ይልቅ ብሩህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቀጥ ያለው ዓይነት ብዙ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ፣ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ትከሻው ሰፋ ያለውን የፖሮን ዓይነት ቢገዛ ባወጣው ዋጋ የተሻለ ምስል ያገኛል። ሌንሱ እንደ ደም ቀይ ሆኖ የሚያንጸባርቀውን ግን ብዙ ሰው ያማረና የከበረ ይመስለዋል። ያ ቅብ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ምስሉ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የወፏን ቀይ ደረት ለማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል? በጥሩ ቅብ ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ቢያደርግ ብዙ ጕዳት ይቀርለታል። አንደኛ፣ ዕቃውን በጆሮው አጠገብ ቀስ አድርጎ ያወዛውዘው፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ በውስጡ የለቀቀ አለ። ሁለተኛ፣ በፊተኛው ሌንስ በኩል የእጅ ባትሪ እያበራ ውስጡን ይመልከት፤ ጥቂት ብናኝ ምስሉን አይጐዳም፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ወይም እንደ ጉም ያለ ነገር ግን ክፉ ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ ማጠፊያውንና የማጥሪያውን መዘውር ያንቀሳቅስ፤ የላላ ወይም እየተንገጫገጨ የሚሄድ መሆን የለበትም። አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ደረቅ ቅርንጫፍ በሰማይ ላይ ይመልከት፤ በጠርዙ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም በግልጥ ቢታይ የሌንሱ ጥራት ያነሰ ነው። አምስተኛ፣ ጽሕፈት ያለበት ሰሌዳ አይቶ ጽሕፈቱን ከምስሉ መካከል ወደ ዳር ይውሰደው፤ በዳር ጥቂት መደብዘዝ የተለመደ ነው፣ ከመካከሉ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን አይግዛ።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የሩቅ ቤት ጣራ ክፈፍ እያየ መነጽሩን ከዓይኑ ጥቂት በጥቂት ያርቀው። በሁለቱ ክቦች ውስጥ የክፈፉ መሥመር በአንድ ከፍታ ላይ መቆየት አለበት። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ቢል ሁለቱ ቱቦዎች ተዛንፈዋል። እንዲህ ያለውን ጕድለት በሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያየ ሰው አያውቀውም፤ ዓይኖቻችን ሁለቱን ምስሎች አንድ ለማድረግ ራሳቸው ይደክማሉና። ግማሽ ሰዓት ካየ በኋላ ግን ራሱን ያመዋል፤ ያን ጊዜም ድካሙን የሚያመካኘው በዓይኑ ወይም በፀሐዩ ላይ ነው እንጂ በዕቃው ላይ አይደለም።

ዕቃው ጥሩ ሆኖ አያያዙን ባለማወቅ የሚነቀፍበትም ጊዜ አለ። በብዙዎቹ መነጽሮች ላይ በቀኝ ዓይን በኩል ሌላ ትንሽ ማስተካከያ አለ። የቀኙን ሌንስ ሸፍኖ በግራ ዓይን ብቻ እያዩ በመካከሉ መዘውር ማጥራት፣ ከዚያም የግራውን ሸፍኖ ያንኑ ነገር በቀኝ ዓይን እያዩ በትንሹ ማስተካከያ ማጥራት ይገባል። ይህን ሳያደርጉ «አይጠራም» ማለት ዕቃውን በሐሰት መክሰስ ነው። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ የጎማውን ክፈፍ አጥፎ ወይም ወደ ውስጥ አዙሮ ማየት አለበት፤ ምስሉም ሙሉ ሆኖ እንዲታየው ዓይኑ ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ርቀት ላይ ሆኖ ለማየት የሚፈቅድ ዕቃ ይምረጥ። ለልጅ የሚገዛ ወላጅም ሁለቱ ቱቦዎች እስከ ልጁ ዓይን ጥበት ድረስ የሚታጠፉ መሆናቸውን ልጁን ራሱን ወስዶ ያረጋግጥ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ነው። አሁን ስለ ሰው እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገፈርሳ ዳር ሳለን፣ በገጠር የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር አዲስ የገዛውን መነጽር ይዞ መጣ። ዕቃው ትልቅ ነው፤ ሌንሱ ቀይ ነው፤ 20×50 የሚል ጽሕፈት አለበት። ከወዳጆቻችን አንዱ፣ ደግና ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፣ ገና ከሣጥኑ ሲወጣ አይቶ «እንኳን ደስ ያለህ! ይህማ የጄኔራል መነጽር ነው» አለው። ሌሎችም ተቀበሉት። መምህሩ ፊቱ በራ፤ ቀጥሎም፦ «እንግዲያውስ ነገ ተመልሼ ስድስት እገዛለሁ። የተማሪዎቼ ወላጆች አዋጥተው ለተፈጥሮ ክበባችን ገንዘብ ሰጥተውኛል» አለ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። የደስ ደስ ተብሎ የተነገረው ቃል በአንድ አፍታ የስድስት ዕቃ ዋጋ ሆነ፤ ገንዘቡም የመምህሩ እንኳ አይደለም፣ እህል ሸጠው ያዋጡ የገበሬዎች ነው።

መምህሩ ዝምታውን አይቶ ወደ እኛ ዘወር አለና «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለን። እኛም በአፍ ከመመለስ ይልቅ «እስቲ ና አብረን እንይ» አልነው። ብዙ ዓመት ያገለገለን የፖሮ ዓይነት 8×30 መነጽር ነበረን፤ መልኩ የተፋቀ፣ ማንገቻውም በጠፍር የተለወጠ ነው። ሁለቱን በአንድ የአጥር እንጨት ላይ አስደግፈን በማዶ ዳር የሚግጡትን ዝዮች በተራ እንዲያይ አደረግነው። ከዚያም ያለ ድጋፍ በእጁ ብቻ ይዞ እንዲያይ ነገርነው። በኋላም ጣራውን እያየ ከዓይኑ እንዲያርቀው አሳየነው። ምንም አልፈረድንም፤ «ምን አየህ?» እያልን ብቻ ጠየቅነው። እስከ አመሻሹም አቈየነው። ከ12 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ በአሮጌው መነጽር የዝዩ ክንፍ ሰማያዊነት ገና ሲለይ፣ በአዲሱ ግን ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነበር።

መምህሩ ዕቃውን ወደ ሣጥኑ መለሰና ጥቂት ዝም ብሎ ቈየ። ኋላም «ለእኔ ብቻ ቢሆን ይሁን ባልሁ ነበር፤ የወላጆቹን ገንዘብ ግን እንዲህ ላደርገው አልችልም» አለ። ያ ያመሰገነለት ወዳጃችን ግን በእኛ ቅር አለው። ወደ ቤት ስንመለስ «ልጁ በደስታ መጥቶ አዝኖ ሄደ፤ ምን ነበር ዝም ብትሉት?» አለን። እኛም ደስታውን መመኘቱ መልካም እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ያ ደስታ ከአንድ ሳምንት በላይ እንደማይቈይ፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ልጆች በደበዘዘ ምስል ዓይናቸውን እያሹ አዕዋፍ ማየትን እንደሚጠሉት ነገርነው። ወዲያው አልመለሰልንም። በማግስቱ ግን ከመምህሩ ጋር ወደ ገበያ አብሮት የሄደው እርሱው ራሱ ነው። በስድስቱ ፈንታ በሚገባ የተመረጡ ሁለት 8×30 መነጽሮች ገዙ። መምህሩም የቀድሞውን ዕቃውን አልጣለውም፤ 20 ጊዜ ማጕላቱ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ሲታሰር የጨረቃን ጕድጓዶች ለማሳየት ስለሚበቃ፣ ለዚያ እንዲያውለው ነግረነው ነበር። ኋላ በላከልን ደብዳቤ ልጆቹ ተራ በመጠበቅ እንደሚጣሉ፣ ይሁን እንጂ የወፎቹን ቀለም በደብተራቸው መጻፍ እንደ ጀመሩ ገለጠልን።

ከዚህና ከዚህ ጋር ከሚመስሉ ነገሮች የተነሣ፣ ስለ ዕቃ ምክር የሚሰጥ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ጥቂት ሕጎች ያሉ ይመስለናል። የመጀመሪያው፣ ያየነውን «አየን»፣ የሰማነውን «ሰማን» ብሎ ለይቶ መናገር ነው። አንድ መነጽር ጥሩ ነው የሚል ወሬ በአሥር ሰው አፍ ቢዞር፣ አሥሩም ከአንድ ሰው ሰምተውት ይሆናል፤ የዓይን ምስክሩ አንድ እንኳ ላይኖር ይችላል። ለአንድ ቀን ብቻ የያዝነውንም ዕቃ ዝናብና አቧራ ይችላል ብለን መመስከር አንችልም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ቃል ለመካሪም ይሠራል።

ሁለተኛው፣ ከመመለስ በፊት መጠየቅ ነው። ለምን ሥራ ነው? በማን ዓይን ነው? በስንት ገንዘብ ነው? በተራራ ብዙ ሰዓት ለሚጓዝ ሰው የዕቃው ክብደት ከሁሉ ይበልጣል፤ በደጃፉ ተቀምጦ ለሚያይ ሽማግሌ ግን ክብደቱ አያሳስበውም፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ 7 ወይም 8 ጊዜ የሚያጐላው ይሻለዋል። ለአንዱ መልካም የሆነው ለሌላው መልካም ላይሆን ይችላል፤ ሳይጠይቅ የሚመክር ሰው ራሱን ነው የሚመክረው።

ሦስተኛው፣ የገዛ ዕቃችን ፍቅር እንደ ጉቦ መሆኑን ማወቅ ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ዕቃው እንዲነቀፍበት አይወድም፤ ሌላውም ያንኑ ቢገዛ ምርጫው ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ የራሳችንን ዕቃ ስናመሰግን ጕድለቱንም አብረን እንጥራ፤ ለምሳሌ ያ 8×30 መነጽራችን ውኃ የማይከላከል ስለ ሆነ በክረምት ከቤት እንደማናወጣው ለመምህሩ ነግረነዋል። ሻጩ ዘመዳችን ወይም ባለውለታችን ቢሆንም ይህን አስቀድሞ መግለጥ ይገባል፤ ሰሚው ቃላችንን በዚያው ልክ እንዲመዝነው።

አራተኛው፣ በመለኪያ የሚታወቀውን ከመውደድና ከመጥላት መለየት ነው። የቱቦዎች መዛነፍ፣ የብርሃኑ ክብ መጥበብ፣ በሌንስ ውስጥ ያለ ሻጋታ፣ እነዚህ ማንም አይቶ የሚስማማባቸው ነገሮች ናቸው፤ በድፍረት ይነገሩ። የእጅ አያያዝ መመቸት፣ የመዘውሩ መክበድ ወይም መቅለል፣ የምስሉ ቀለም መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ ግን የየሰው ምርጫ ነው፤ በእነዚህ ላይ «እኛን ይመቸናል» ከማለት አልፎ መፍረድ አይገባም።

አምስተኛው ጊዜን ማወቅ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚነገር እውነት ምክር ነው፤ ከወጣ በኋላና መመለስ በማይቻልበት ጊዜ የሚነገር ግን ብዙ ጊዜ ወቀሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አስቀድሞ ለገዛ ሰው ዕቃው የሚሠራበትን ሥራ መፈለግ ይሻላል፤ ሌላ ሊጨምር ወይም ለሌላ ሊመክር ሲነሣ ግን ጕድለቱን መሸሸግ አይፈቀድም።

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ከአባት ወይም ከአያት ስለ ተወረሰ መነጽር ሲጠየቁ ነው። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን መነጽር ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ ፈልገው አሳይተውን ነበር። ቆዳው ያማረ፣ ናሱ የጠነከረ ነው፤ ነገር ግን ሻጋታ በውስጡ ገብቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ዕቃው ክብርና ስለ ዕቃው ሥራ ለየብቻ መናገር ያስፈልጋል። «እማማ፣ ይህ መታሰቢያ ነውና ከቤት አይውጣ፤ ልጁ ግን አሁን አጥርቶ አያይበትም፤ የሚያጸዳ ባለሙያ ቢገኝ ምናልባት ይድን ይሆናል፤ እስከዚያው በእርጥብ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በደረቅና አየር በሚያገኝ ስፍራ ይቀመጥ» አልናቸው። እርሳቸውም አልተቀየሙም። የተቀየሙ ቢሆን እንኳ ልጁ ዓይኑ የታመመ መስሎት ከሚያድግ ያ ይሻል ነበር።

ድኻ በትንሽ ገንዘብ የገዛውን ዕቃ መናቅም ከማታለል የማይሻል ክፋት ነው። አንዳንድ ሰው ውድ መነጽር ከያዘ ወዲህ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ «መጫወቻ» ይለዋል። ይህም ውሸት ነው። ቱቦዎቹ ያልተዛነፉ፣ የተጻፈበት ቍጥር እውነት የሆነ፣ በመካከሉ አጥርቶ የሚያሳይ መነጽር፣ ዋጋው ጥቂት ቢሆንም፣ ባለቤቱ ዘወትር ይዞት ከወጣ፣ በሣጥን ተቈልፎ ከሚኖረው ውድ ዕቃ ይልቅ ብዙ ወፍ ያሳያል። በውዱና በመካከለኛው መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው እጥፍ በሆነ ቍጥር ምስሉ እጥፍ አያምርም፤ ይህንንም ለሚጠይቀን ሰው መሸሸግ የለብንም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በመነጽር ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ መጠበቅ የሰው ገንዘብ ያስጠፋል። ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ወዳጅ ወይም ጎረቤት «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀን ስም ጠርተን አናሰናብተው። የያዝነውን መነጽር እናውሰው፤ ሊገዛ ያሰበውንም ሻጩ ከፈቀደ ከያዝነው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ይየው። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብርሃኑ እስኪደክም ድረስ ከእርሱ ጋር እንቀመጥ፤ ጣራውንም፣ ሽቦውንም፣ ወደ ማደሪያዋ የምትመለሰውንም ወፍ በተራ እንይ። አንድ ምሽት ብቻ ነው የምናጠፋው፤ እርሱ ግን በዚያ ዕቃ ብዙ ዓመት ያይበታል።